ዩኒቨርሲቲ ለሰላም፣ ለፍትሕና ለተጠያቂነት ምን ይሠራል? ከሕግ ድጋፍ ጠረጴዛ እስከ ዶርም

ዩኒቨርሲቲዎች ለሰላምና ለፍትሕ ስላላቸው ድርሻ ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ዐውደ ጥናት ነው። አዳራሽ ይዘጋጃል፣ ጽሑፍ ይቀርባል፣ ውይይት ይደረጋል፣ የአቋም መግለጫ ይነበባል። ይህ የራሱ ጥቅም አለው። ነገር ግን አሠሪዋ ደመወዟን የከለከላት ሴት፣ ይግባኝ የሚጽፍለት ያጣ ታራሚ፣ በተናፈሰ ወሬ ከዶርሙ መውጣት የፈራ ተማሪ ችግራቸው አዳራሽ ውስጥ አይፈታም። ለእነሱ የሚደርስላቸው በታወቀ ቀን የሚከፈት ቢሮ፣ በጥንቃቄ የተሞላ ቅጽ፣ በሰዓቱ የተነገረ እውነተኛ መረጃና ምክንያቱ የተጻፈበት ውሳኔ ነው። ከዚህ በታች የምናብራራው ይህን ዓይነቱን ሥራ ነው፤ እንዴት እንደሚከናወን፣ የት ላይ እንደሚሰናከልና ለምን እንደሚሰናከል።

ሦስቱ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ፍትሕ ስንል እዚህ ላይ አንድ ሰው ተበደልኩ ያለበትን ጉዳይ ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ ማግኘት መቻሉን ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ይህን መብት ይደነግጋል። ተጠያቂነት ደግሞ ሥልጣን የያዘ ሰው ምን እንደወሰነ፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሠራና ለምን እንዲህ እንዳደረገ እንዲያስረዳ፣ ካጠፋም እንዲጠየቅ የሚያስገድድ አሠራር ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት የሚናገረው ለዚህ ነው። ሰላምም የጥይት ድምፅ አለመሰማት ብቻ አይደለም። ሰዎች ሲጣሉ ዱላ ሳያነሱ ጉዳያቸውን የሚጨርሱበት መንገድ መኖሩ፣ በዚያ መንገድም ማመናቸው ነው።

ሦስቱ እንደ ጉልቻ ናቸው። የወሰን ክርክር መዝገብ ቤት ውስጥ ዓመታት ሲቆይ፣ ወይም ሹሙ ምክንያቱን ሳይናገር ለአንዱ ወገን ሲያደላ፣ ትንሹ ጠብ ደም ወደ መቃባት ሊያመራ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ካጸደቃቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች 16ኛው ሰላምን፣ ፍትሕንና ጠንካራ ተቋማትን በአንድ ግብ ውስጥ ነው ያሰፈረው።

ታዲያ ይህ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው?

አዎ፣ በሕግም በታሪክም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትንም ሰጥቷቸዋል። ሐሳቡ ግን ከአዋጁ ይቀድማል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» በሚባል ፕሮግራም ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ በአብዛኛው በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። ያንን ዓመት ሳያገለግሉ ዲግሪ ማግኘት አይቻልም ነበር።

የፕሮግራሙ ጉልበት ያለው በዚህች የመጨረሻ ነጥብ ላይ ነው። አገልግሎቱ ለተማሪው በጎ ፈቃድ አልተተወም፤ የትምህርቱ አካል ሆነ። ኮሎምቢያም እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ትሄዳለች፤ እዚያ የሕግ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ነጻ የምክር ቢሮ ሳይሠራ አይመረቅም። እኛ አገር የዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ለምን እንደሚደክሙ ስንነጋገር ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በተግባር እንዴት ይሠራል?

የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው፣ በከተማው ፍርድ ቤት ቅጥር ወይም በማረሚያ ቤት ውስጥ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ማዕከሉ ለሕግ ተማሪ ልክ የማስተማሪያ ሆስፒታል ለሕክምና ተማሪ እንደሆነው ነው። ተማሪው ባለጉዳዩን ያነጋግራል፣ ጉዳዩን ያጠናል፣ ረቂቅ ይጽፋል፤ መምህሩ ሳያየው ግን አንድም ወረቀት ከቢሮው አይወጣም።

ሥራው የሚጀምረው ከመቀበያ ቅጹ ነው። የባለጉዳዩ ስምና አድራሻ፣ የተቃራኒ ወገን ስም፣ የጉዳዩ ዓይነት፣ ነገሩ የተፈጸመበት ቀን፣ ቀጠሮ ካለም የቀጠሮው ቀን ይመዘገባል። ከእነዚህ ሁለቱ ከሌሎቹ ይበልጣሉ። የመጀመሪያው የተቃራኒ ወገን ስም ነው። በትንሽ ከተማ ባል ሰኞ መጥቶ ምክር ከወሰደ ሚስት ሐሙስ ልትመጣ ትችላለች። ማዕከሉ ሁለቱንም ቢያማክር የአንዱን ምስጢር ይዞ ለሌላው ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ቅጹ እንደተሞላ ስሙ ከቀደሙት መዝገቦች ጋር ይመሳከራል፤ ተቃራኒው ወገን አስቀድሞ ተገልግሎ ከተገኘ አዲሷ ባለጉዳይ ወደ ሌላ የድጋፍ ሰጪ ትላካለች።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ሕግ ለብዙ ጥያቄዎች የጊዜ ገደብ ያስቀምጣል፤ ይርጋ ይባላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ሠራተኛ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ክስ ካላቀረበ ጥያቄው ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። ውሉ በመቋረጡ ምክንያት የሚጠየቀው ክፍያም እንዲሁ 6 ወር ነው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በተባረረ በ80ኛው ቀን ቢመጣና ቅጹ ላይ ቀኑ ሳይጻፍ ወረፋ ውስጥ ቢገባ፣ ተራው ሲደርስ መብቱ አልፎ ይሆናል። በሚገባ የሚመራ ማዕከል እንዲህ ዓይነቱን መዝገብ በቀይ ምልክት ለይቶ በዚያው ሳምንት ይሠራዋል። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ይህን ሳያጣራ የቤት ሠራተኛዋን ወደ ሥራ ክርክር ችሎት የላከ ተማሪ ወራት ያስቃጥላታል።

ቀጥሎ የሚጣራው የባለጉዳዩ አቅም ነው። አብዛኞቹ ማዕከላት ከቀበሌ የተጻፈ የድህነት ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታራሚዎች ቅድሚያ ይሰጣሉ። ክርክሩ የንብረት ከሆነና የዳኝነት ክፍያው ከባለጉዳዩ አቅም በላይ ከሆነ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ ክስ ለመመሥረት እንዲፈቀድ ማመልከት እንደሚቻል ይደነግጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ገንዘብ አጣሁ ብሎ ክሱን ይተወዋል። ምክር ማለት አንዳንዴ ይህችን አንድ ቁጥር መንገር ነው።

አንድ የክስ ማመልከቻ እንዴት ይጻፋል?

አንዲት እናት ለልጇ ቀለብ ልትጠይቅ መጣች እንበል። ተማሪው የሚጽፈው የመጀመሪያ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ገጽ ይሞላል። እንዴት እንደተዋወቁ፣ ምን እንደተባባሉ፣ ማን እንደከዳ ሁሉ ይሰፍራል። መምህሩ ሁለቱን ገጽ ይሰርዛል። ዳኛው የሚፈልጋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ልጁ የተከሳሹ ልጅ መሆኑ፣ የልጁ ፍላጎት ምን ያህል እንደሆነና አባት ምን ያህል አቅም እንዳለው።

ስለዚህ ማመልከቻው በፍርድ ቤቱ ስም ይጀምራል፤ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ ይከተላል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ይገለጻል። ፍሬ ነገሩ በአጫጭር አንቀጾች ይቀመጣል። ከዚያ የሚጠየቀው ዳኝነት ይመጣል፤ ብዙ ክስ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። «በቂ ቀለብ ይወሰንልኝ» ብሎ መጻፍ ዳኛውን ባዶ እጁን ይተወዋል። የቤት ኪራዩ የልጁ ድርሻ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሕክምና እያንዳንዱ በብር ተዘርዝሮ ሲደመር ግን ጥያቄው የሚያያዝ መሠረት ያገኛል። አባት ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱን የደመወዙን ልክ እንዲገልጽ እንዲያዝ፣ ከተወሰነም በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፈል እዚያው ይጠየቃል። መጨረሻ ላይ የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ እያንዳንዱ ምስክር ምን እንደሚያስረዳ። ቃለ መሃላና ፊርማ ይዘጋዋል።

በፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ይህን ሥራ በክፍያ ይሠራሉ፤ ሕግ የሚያውቁና በጥንቃቄ የሚጽፉም አሉ። የማዕከሉ ልዩነት ገንዘብ አለመጠየቁ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ እስከሚያልቅ መዝገቡን ይዞ ይከታተላል።

በችሎት ግን ተማሪ ጠበቃ አይደለም። መምህርም ቢሆን ለሰው መቆም የሚችለው ለዚያ ፍርድ ቤት የሚያገለግል የጥብቅና ፈቃድ ሲኖረው ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ባለጉዳዮች የሚከራከሩት ራሳቸው ናቸው፤ የተማሪው ሥራ ደግሞ ማዘጋጀት ነው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ዳኛው ሊጠይቅ የሚችለውን እየጠየቀ ያለማምዳታል። ከሁሉ በላይ በቀጠሮ ቀን መቅረት መዝገቡን ሊያዘጋ እንደሚችል ደጋግሞ ይነግራታል። ከገጠር ለምትመጣ እናት የትራንስፖርት ብር ማጣት ብቻውን ክሷን ሊያሳጣት ይችላል።

በማረሚያ ቤት ያለው ሥራ ሌላ መልክ አለው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የተፈረደበት ሰው ይግባኝ እንደሚል በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ታራሚው ራሱ መዝገብ ቤት ሄዶ ግልባጭ ማውጣት አይችልም፤ ዘመድ ከሌለው ማንም አያወጣለትም። ተማሪዎች በየሳምንቱ በአንድ በተወሰነ ቀን ገብተው አዲስ የተፈረደባቸውን ቢመዘግቡና ግልባጩን ቢያወጡላቸው፣ በዚህ ብቻ ብዙ ይግባኝ ከመውደቅ ይድናል።

ማዕከላቱ ለምን ይደክማሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት የትምህርት ካላንደር ነው። ክረምት ሲገባ ተማሪው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የባለጉዳዩ ይርጋ ግን አብሮ ለዕረፍት አይወጣም። በክረምት ቢያንስ አንድ ተረኛ መምህርና አንድ ቋሚ ሠራተኛ ከሌለ፣ በሰኔ የተጀመረ መዝገብ በጥቅምት ሲከፈት የሞተ ሊሆን ይችላል። ርክክብም እንዲሁ ነው። ተማሪው ሲመረቅ መዝገቡ የት እንደደረሰ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፎ ካላስረከበ አዲሱ ተማሪ ባለጉዳይዋን ታሪኳን እንደገና ያስነግራታል።

ሁለተኛው የመምህሩ ነገር ነው። ማዕከሉን የሚመራ መምህር ረቂቅ እያረመ፣ ፍርድ ቤት እየተመላለሰ የሚያጠፋው ሰዓት እንደ ማስተማር ጫና ካልተቆጠረለትና ለዕድገቱ ካልታሰበለት፣ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ጽሑፍ ማሳተም ይመለሳል። በእሱ ሊፈረድ አይገባም። የቀድሞው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በዲግሪ መስፈርትነት የጸናውን ያህል፣ ዛሬም ማዕከሉ የሚጸናው ለተማሪው ክሬዲት፣ ለመምህሩ የሚቆጠር የማስተማር ጫና (ሎድ)፣ ለሥራው የራሱ የበጀት ርዕስ ሲኖረው ነው። በፕሮጀክት ድጋፍ የተከፈተና በመደበኛ በጀት ያልታቀፈ ማዕከል ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በሩ ይቆለፋል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ተማሪ ከመላ አገሪቱ ይመደባል፤ ባለጉዳዩ ግን የአካባቢው ሰው ነው። ጅማ ያለ ማዕከል አፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ ያለ ደግሞ ሲዳምኛ አጥርቶ የሚሰማና የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው የባለጉዳይዋ ጎረቤት ወይም የባሏ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ምስጢር የለም። ተማሪዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ከሁለቱ አንዱ የአካባቢውን ቋንቋ የሚችል እንዲሆን መመደብ ቀላልና ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው።

አራተኛው ሲነገር እምብዛም አይሰማም። የዩኒቨርሲቲው የጽዳት ሠራተኛ ወይም የግንባታ ቀን ሠራተኛ ዩኒቨርሲቲውን ራሱን ልትከስ ብትመጣስ? ማዕከሉ የሚተዳደረው በዚያው ተቋም ስለሆነ መምህሩ ጫና ውስጥ ይገባል። መልሱ ቀድሞ በጽሑፍ የተቀመጠ ደንብ ነው። ጉዳዩ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ ነጻ የሕግ ድጋፍ ሰጪ እንደሚተላለፍ፣ ሠራተኛዋም ማዕከሉን በመጠየቋ ምንም እንደማይደርስባት ይጻፋል። ደንቡ ከሌለ የምትባለው «ነገ ተመለሺ» ነው፤ ነገም ሌላ ነገ ይከተለዋል።

ግቢ ውስጥ ጠብ እንዴት ይነሳል? እንዴትስ ይበርዳል?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምደባ አገር አቀፍ ነው። ከተለያየ ክልል፣ ቋንቋና ሃይማኖት የመጡ ወጣቶች በአንድ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ ያድራሉ። ይህ ለአገር ትልቅ ሀብት ነው፤ የሚንከባከበው ሲያጣ ግን አደጋ ይሆናል። በጥቅምት መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ሁከቱ በቀናት ውስጥ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄደዋል። ያ ጉዳት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ዛሬም አልሻረም።

አብዛኛው የዶርም ጠብ ሲጀምር ትንሽ ነው። መብራት በሌሊት መብራቱ፣ ስልክ ጮክ ብሎ መነጋገር፣ የጠፋ ቻርጀር፣ የጸሎት ሰዓት፣ የካፌ ሰልፍ። ትልቅ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ወሬ ነው፤ በክፍል 14 የተጋጩ ሁለት ልጆች ነገር በቴሌግራም «የእኛን ልጅ ገደሉት» ሆኖ ሌላ ግቢ ይደርሳል። ሌላው ራሱ የአስተዳደሩ አያያዝ ነው። ሁለት ተማሪዎች ስለ ቻርጀር ሲጣሉ የየብሔሩን ተወካዮች ሰብስቦ ማወያየት፣ የቻርጀሩን ጠብ የብሔር ጠብ አድርጎ መመዝገብ ነው። ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ከሆነ በሁለት ሰዎች ጉዳይነቱ መያዝ አለበት።

ጠብን የመከላከል ሥራ የሚጀምረው ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ከመግባቱ በፊት ነው። የክፍል ድልድሉ ሆን ተብሎ የተሰባጠረ ይሆናል። በስም ፊደል ተራ ብቻ ሲደለደል አንዳንድ ብሎኮች ሳይታሰብ የአንድ አካባቢ ልጆች መሰባሰቢያ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ደንብ በአንድ ገጽ ጽፎ በሩ ጀርባ ይለጥፋል፤ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ጽዳት በማን ተራ ነው። ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች) ቁልፍ ጠባቂ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ ምልክት ማንበብ ይሠለጥናሉ። አንድ ተማሪ በሌላ ክፍል ማደር ሲጀምር፣ ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ሲታይ፣ ካፌ ውስጥ የመቀመጫ ልማድ በድንገት ሲለወጥ በዚያው ምሽት ለተማሪዎች ዲን ያሳውቃሉ።

ወሬ ሲነሳ ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ናቸው። አንድ ቀድሞ የታወቀ ሰው፣ በአንድ ቀድሞ በታወቀ የዩኒቨርሲቲው ቻናል ይናገራል። መልእክቱ አራት ነገር ይይዛል፤ የተረጋገጠው ምንድን ነው፣ ገና እየተጣራ ያለው የትኛው ነው፣ ምን እርምጃ ተወስዷል፣ ቀጣዩ መግለጫ በስንት ሰዓት ይወጣል። ያ ሰዓት ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «እስካሁን ለውጥ የለም» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። የሚያጠፋው ዝምታ ነው። አስተዳደሩ «ሁከት እንዳንቀሰቅስ» ብሎ ሲዘጋ ክፍተቱን የሚሞላው በጣም የጮኸው ሰው ነው።

ከግቢ ውጭ ያለው ኅብረተሰብም ድርሻ አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» በሚለው ፕሮጀክቱ ተማሪዎችን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር ያገናኛል። ተማሪው በበዓል የሚሄድበት ቤት፣ ሲታመም የምትጠይቀው እናት ያገኛል። ከተማዋ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ቤተሰብ ያለው ልጅ በክፉ ቀን ለዚያች ከተማ ባዕድ አይሆንም፤ ቤተሰቡም ልጁን ለመጠበቅ ይቆማል። እንዲህ ያለው ዝምድና የሚያስፈልገው በጀት ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው የሚከታተል ሰው ነው። ስም ዝርዝር ተለዋውጦ ከአንድ የምሳ ግብዣ በኋላ የሚረሳ ከሆነ ግን ፎቶ ብቻ ይቀራል።

ሽምግልናስ?

ሽምግልና ለዶርም ጠብ፣ ለተበደረ ገንዘብ፣ ለስድብ ጥሩ መንገድ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በፈቃዳቸው ከመጡና ሽማግሌው የሁለቱንም አመኔታ ካገኘ። አንድ ወሰን ግን አለው። ወሲባዊ ጥቃት የሽምግልና ጉዳይ አይደለም። አስገድዶ መድፈር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስከስስ ከባድ ወንጀል ነው፤ በእርቅ አይዘጋም። «የግቢው ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ ተጎጂዋን ከአጥቂዋ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ሁለተኛ በደል ነው። መጀመሪያ ሕክምና፣ ቀጥሎ ፖሊስ። የሕክምና ማስረጃ ጊዜ በሄደ ቁጥር እየጠፋ ስለሚሄድ ልብሷን ሳታጥብ፣ ገላዋንም ሳትታጠብ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለባት ፕሮክተሮችና ጥበቃዎች ሁሉ ማወቅ አለባቸው።

መንግሥት እንዲጠየቅ ዩኒቨርሲቲ ምን አቅም አለው?

ዩኒቨርሲቲ ከሳሽም ዳኛም አይደለም። ያለው አቅም መለካትና ማስረዳት ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የማኅበረሰብ ነጥብ መስጫ ካርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ኬር የተባለው ድርጅት ማላዊ ውስጥ የጀመረው ሲሆን፣ በአገራችንም በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በኩል በብዙ ወረዳዎች ተሠርቶበታል። የአንድ ጤና ጣቢያ ተገልጋዮች ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ ይቀመጡና የመድኃኒት አቅርቦትን፣ የወረፋ ጊዜን፣ አቀባበልን፣ ንጽሕናን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ለብቻቸው ራሳቸውን ይመዝናሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ተገልጋዩ 1 በሰጠበት ሠራተኛው 4 ሰጥቶ ከሆነ ውይይቱ እዚያ ላይ ይጀምራል። በመጨረሻ ምን ይሻሻላል፣ ማን ያደርገዋል፣ እስከ መቼ የሚል ዝርዝር ይፈረማል። ከ6 ወር በኋላ ያው ካርድ እንደገና ይሞላል።

የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። ተሳታፊውን ቀበሌው ሲመርጥ ሁሉም ነጥብ 5 ይሆናል። ከ6 ወር በኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ ሲጠፋ ደግሞ የተፈረመው ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ የሚጠቅመው ለሁለቱም ነው፤ ተሳታፊውን በዕጣ መምረጥ ያውቅበታል፣ በሚቀጥለው ሴሚስተርም እዚያው አለ።

ሌላው መንገድ የመረጃ ጥያቄ ነው። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከለ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ልምድ የሚያስፈልገው ጥያቄውን መቅረጽ ላይ ነው። «ውኃችን ለምን አልተሠራም?» የሚለው አቤቱታ ነው፤ መልሱም «እየተሠራበት ነው» ይሆናል። «ለዚህ ቀበሌ የውኃ ጉድጓድ በ2016 በጀት ዓመት የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው? የሥራ ውሉ ቅጂ ይሰጠን፤ እስካሁን የተፈጸመው ክፍያ በቀንና በመጠን ይገለጽልን» የሚለው ግን የመረጃ ጥያቄ ነው። ይህን ልዩነት ለዕድር ዳኞችና ለወጣት ማኅበራት በግማሽ ቀን ማስተማር ይቻላል።

የራሱስ ቤት?

ተማሪ ስለ ተጠያቂነት ከኮርሱ ይልቅ የሚማረው ዩኒቨርሲቲው እሱን ከሚይዝበት መንገድ ነው። ውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪ የእርማት ወረቀቱን ማየት ይችላል? ከትምህርት የታገደ ተማሪ ክሱ በጽሑፍ ደርሶታል? መልስ የመስጫ ጊዜ ተሰጥቶታል? የወሰነው ኮሚቴ ከከሳሹ የተለየ ነው? ውሳኔው ምክንያቱ ተጽፎበታል? ይግባኝ የሚባልበት አካልስ አለ? በሁከት ጊዜ አንድን ብሎክ በሙሉ መቅጣት ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም፤ የተቀጡት ንጹሖችም ለቀጣዩ ሁከት ቂም ይዘው ይጠብቃሉ።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ዩኒቨርሲቲዎች ከደንብ ውጭ በተፈጸመ ክፍያና ግዥ በተደጋጋሚ ይነሳሉ፤ አመራሮቻቸውም በምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይጠየቃሉ። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ክብደት አለው፤ ገንዘቡንና ሹመቱን ራሱ የሚወስን ተቋም ውሳኔውን ለማኅበረሰቡ የማሳየት ዕዳም ይጨምርበታል። የዓመቱን በጀት በዘርፍ፣ ያሸነፉ ተጫራቾችን ስምና ዋጋ፣ የኦዲት ግኝቱንና የተወሰደውን እርምጃ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳና በድረ ገጹ መለጠፍ ምንም ልዩ ቴክኖሎጂ አይፈልግም።

ወደ ሕግ ድጋፍ ማዕከል የሚሄድ ሰው ምን ይያዝ?

መታወቂያ፤ የቀበሌ የድህነት ማስረጃ፤ ጉዳዩን የሚመለከት ማንኛውም ወረቀት፣ የተቀደደም ቢሆን፤ ከፍርድ ቤት የደረሰ መጥሪያ ካለ ከነፖስታው፤ የምስክሮች ሙሉ ስምና ስልክ። የሥራ ጉዳይ ከሆነ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ደረሰኝ ወይም የባንክ መግለጫና የስንብት ደብዳቤው። የስንብት ደብዳቤ ካልተሰጠ የተባረሩበትን ቀን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች። ስልክ ላይ ያለ መልእክትም ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል አይጥፋ። ዋናውን ወረቀት አሳይቶ ኮፒውን መተው ይበቃል፤ ዋናውን ማስረከብ አያስፈልግም። ሲወጡ የመዝገብ ቁጥርና የሚቀጥለውን ቀጠሮ በጽሑፍ ይቀበሉ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ በማዕከሉ ስም ገንዘብ የጠየቀ ሰው ካለ ለሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።